ባዶ አድርጎ ማስቀመጥ

ኦሪን ስኮግሞን በረዶ ሆኖ በረጋው ሐይቅ ላይ ያየው ሰው ዓሣ የሚያጠምድ አይመስለውም፤ የጠፋበትን ቁልፍ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። በረዶውን ይሰረስራል፣ መንጠቆውን ይጥላል፣ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል። «እዚህ የለም» ይልና ይነሳል። ሃያ እርምጃ ሄዶ ደግሞ ይሰረስራል። አንድ ጥር ላይ እኛ ሥራ ፈቶቹ ቆጥረንበታል፤ በአንድ ቀን አርባ ሦስት ቀዳዳ በስቶ ሰባት ዓሣ ይዞ ገባ። ሚስቱ አርዲስ በዚያው ቀን ከአንድ ቀዳዳ ሳትነቃነቅ አስራ አንድ አወጣች። እሷ ከተቀመጠች ተቀመጠች ነው፤ ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንድ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ፣ ክሩን በሌላው ጣቷ ይዛ ትጠብቃለች። «ና እስኪ አንዴ እንኳ ተቀመጥ» ትለዋለች። «መጣሁ» ይላል፤ የበረዶ መሰርሰሪያ ማሽኑን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል።

ይሄ ነገር የጀመረው በረዶ ላይ እንዳይመስላችሁ። የሠርጋቸው ዕለት፣ የካቲት ላይ ነበር፣ ፓስተሩ ባርኮ ሳይጨርስ ውጭ በረዶ መጣሉን በመስኮት አየ። እንግዶቹ ምሳ ላይ ሲቀመጡ ሙሽራው የለም። ለካስ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ አካፋ ይዞ የእንግዶቹን መኪና እያወጣ ነው። አርዲስ ከነቬሏ በር ላይ ቆማ ስትጠራው «መጣሁ!» ብሎ ሦስት መኪና ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ አንድ ዓመት የአውራጃውን የበረዶ ጠራጊ መኪና ነዳ። ለእንደሱ ዓይነቱ ሰው ከዚያ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል? እንቅልፍ ሳይጠግብ ተነስቶ መንገዱን ይጠርጋል፣ ጠርጎ ሲጨርስ ከኋላው ደግሞ ይሞላል፣ እንደገና ይጀምራል። ጡረታ ሲወጣ አርፎ ይቀመጣል ያሉ ነበሩ። እራቱን እንኳ ዛሬም ድረስ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሞ ነው የሚበላው።

የበረዶ መሰርሰሪያው ቀይ ነበር፤ በቤንዚን የሚሠራ። ሃያ አራት ዓመት ኖሮታል። ሌላ ሰው ገመዱን ሲጎትት ቢውል አይነሳለትም፤ ለኦሪን ግን በሁለተኛው ጉተታ ይጮኻል። ምስጢሩ አያያዙ ላይ ነው ይላል እሱ። በየዓመቱ መጋቢት ሲያልቅ ማሽኑን ጋራዡ በር ላይ ያቆምና አስነስቶ ይተወዋል። ቤንዚኑ እያለቀ ሲመጣ ማሽኑ ማሳል ይጀምራል፤ አስሎ አስሎ በራሱ ጊዜ ይሞታል። ያኔ ካንዴላውን ፈትቶ ይጠርግና ሚስማሩ ላይ ይሰቅለዋል። ቤንዚን ውስጡ ከርሞ እንደ ማር የወፈረበት ማሽን ዳግም እንደማይነሳ ከአባቱ ነው የተማረው። የሣር ማጨጃውንም እንደዚያው፣ የጀልባውን ሞተርም፣ የአትክልቱን የውኃ ቧንቧም። ባዶ ያላደረገው ነገር እያለ ኦሪን አይተኛም።

እንግዲህ አርዲስ ሃያ ሰባት ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርታለች፣ እስከ ሃምሳ ዓመቷ ሲጋራም አጭሳለች። ሳንባዋ ቀስ በቀስ ከዳት። ደረጃ ስትወጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። በረዶው ላይ ግን ደህና ነበረች፤ መቀመጥ ነው እንጂ ሌላ ሥራ የለባትም። አንድ ጥር ብርዱ በጣም ሲጠና ሐይቁ ላይ በምትቆመው ትንሽ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ ኦሪን ሦስተኛ ቀዳዳ ልጨምር ብሎ ቀዩን ማሽን እዚያው ጎጆው ውስጥ አስነሳ። በሩን ከፍቶታል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ግን ነፋሱ ጭሱን ወደ ውስጥ መለሰው። ዞር ሲል አርዲስ በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ውጭ ወጥታለች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ማሽኑን ማጥፋት እንኳ ረስቶ፣ እጁ ላይ እየጮኸ፣ እንደ ጅል ቆሞ አያት። ያን ቀን ክው እንዳለ ነው የዋለው።

ሐኪሟ ነገሩን አላለሳለሰም። ጭስ አይደለም፣ ልብስ ላይ የቀረ የቤንዚን ሽታ እንኳ ይቅርባት አለ። አርዲስ ቤት ቀረች።

ኦሪን ብቻውን ወጣ። ወጥቶም በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመለሰ። በማግስቱም እንደዚያው። ለካስ ያን ሁሉ ዓመት ሲዞር የኖረው ዝም ብሎ አልነበረም፤ አርዲስን መሐል አድርጎ ነበር የሚዞረው። ርቆ ርቆ ሄዶ ሲያበቃ የሷን ቀይ ኮፍያ አይቶ ይመለሳል። አሁን ግን ፊቱን ወዳቀናበት ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የት ላይ መዞር እንዳለበት አያውቅም። ይሄን ለማንም አልተናገረም። ለአርዲስ «ዛሬ ዓሣው አፉን ዘግቷል» ነው የሚላት።

በዚህ መሐል ነው የአርዲስ ታናሽ ወንድም ዱዌን አዲሱን የባትሪ መሰርሰሪያውን ታቅፎ የመጣው። ዱዌን አዲስ ዕቃ ካየ ልቡ አይረጋም፤ የገዛውን ሁሉ በዓመቱ ሸጦ ሌላ ይገዛል።

«ኦሪን፣ አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ጭስ የሚተፋ ሽማግሌ እስከ መቼ ነው የምትጎትተው?» አለው ጋራዡ ውስጥ።

«አንተን ቀብሮ ይመለሳል፤ ምን አገባህ?»

«ይሄ እኮ አንድ ቁልፍ ነው። ትጫናለህ፣ ይሠራል። ሽታ የለ፣ ጩኸት የለ። እህቴ አጠገቡ ብትተኛ አትነቃም!»

«ሠላሳ ኢንች በረዶ ሲመጣስ?»

«ይበሳዋል አልኩህ። እንዳንተ ላለ እብድ እንኳ ለቀኑ ይበቃል።»

«ባትሪው ሲሞትስ?»

ዱዌን ጓንቱን ማስተካከል ጀመረ። «አምስት ስድስት ዓመት ሠርቶ ነው የሚሞተው። ያኔ ሌላ ትገዛለህ።»

«በስንት?»

«በሦስት መቶ... ገደማ።»

«ሦስት መቶ ዶላር! ለባትሪ! ምን ሲደረግ!»

ዱዌን ሲሄድ ኦሪን የቁርስ እህል ካርቶን ቀደደና ጀርባው ላይ ሒሳብ ጀመረ። በግራ ቀዩ ማሽን፤ ቤንዚን፣ ዘይት፣ ካንዴላ፣ ምላጭ። በቀኝ የባትሪው፤ መግዣው፣ ከዚያ አንድ ባትሪ፣ ከዚያ ሌላ ባትሪ። አስራ አምስት ዓመት ድረስ አወረደው። ቆሞ ነው የጻፈው፣ እየተንጎራደደም ደመረው። ቀዩ በግማሽ ዋጋ አሸነፈ። ደስ ብሎት ካርቶኑን ለአርዲስ ሰጣት። እሷም መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«አስራ አምስት ዓመት» አለች።

«ዕቃ ሲገዛ አርቆ ማሰብ ነው።»

«በአስራ አምስት ዓመት አንተ ሰማንያ ስድስት ይሆንሃል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔን የትኛው መስመር ላይ ነው የጻፍከኝ? ፈልጌ አጣሁት።»

ኦሪን ወጥቶ ጠዋት የጠረገውን ግቢ እንደገና ሲጠርግ ዋለ፤ አንድ ጭብጥ በረዶ አልነበረበትም። በማግስቱ ቀዩን ማሽን ፒክአፑ ላይ ጭኖ ለአንድ የጎረቤት ከተማ ሰው በዘጠና ዶላር ሸጠው። ሰውዬው ገመዱን ሲጎትት ኦሪን ዞር ብሎ ቆመ። በሁለተኛው ጉተታ ተነሳ። ከዚያ በቀጥታ ሱቅ ሄዶ የባትሪውን ገዛ። ውስጡ ያለውን የአጠቃቀም ወረቀት ሳያነበው ምድጃ ለኮሰበት፤ እሱን ማን ስለ መሰርሰሪያ ያስተምረዋል?

የዚያ ዓመት የበረዶ ወራት ቅሪት ጥሩ ነበር። አርዲስ ቀይ ኮፍያዋን አድርጋ ወጣች። ኦሪን ቁልፉን ተጭኖ ያለ ጩኸት፣ ያለ ጭስ ዙሪያዋን ወንፊት አደረገው። እንዲያውም ባሰበት፤ የሚያደክም ነገር ስለሌለ ማቆሚያ አጣ። «ተቀመጥ» ስትለው «መጣሁ» ይላል። እሷም በቃ ትስቃለች፤ ዓሣውን እሷ ታወጣለች።

መጋቢት ሲያልቅ ኦሪን አዲሱን ማሽን ይዞ ብቻውን ወረደ። ዳር ዳሩ የበሰበሰው በረዶ ላይ ዝም ብሎ ይበሳ ጀመር። ዓሣ አልፈለገም። ማሽኑ እየደከመ፣ እያቃሰተ ሄዶ ቀጥ ሲል፣ ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ፤ ምንም የለም። ልቡ ሞላ። ምላጩን ዘይት ቀባ፣ «አሁን እረፍ» አለው፣ ጋራዡ ውስጥ በቀዩ ማሽን ሚስማር ላይ ከነባትሪው ሰቀለው። ስምንት ወር እዚያው ተንጠለጠለ።

በመስከረም የአርዲስ ሐኪም ሁለቱንም አስቀምጦ ተናገረ። እርግጥ ኦሪን አልተቀመጠም፣ መስኮቱ ጋ ነበር። ሳንባዋ የአቅሙን ግማሽ አጥቷል አለ። ከገና በኋላ ብርድ አየር የሚባል ነገር ጨርሶ አይታሰብም። ወደ ቤት ሲመለሱ አርዲስ መኪናው ውስጥ ወደሱ ዞረች።

«ከገና በፊት አንድ ቀን ታወጣኛለህ» አለችው። «አንድ ቀን ይበቃኛል።»

«ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል አወጣሻለሁ።»

ከዚያ በኋላ የኦሪን እግር ጭራሽ መሬት አልነካ አለ። በኅዳር ጠዋት ጠዋት እየወረደ ሐይቁን ያያል። ውኃው ይንቀሳቀሳል። ብርዱ መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ ሲረጋ ነፋስ ይሰብረዋል። በሬዲዮ የአየር ትንበያ ሲሰማ ሬዲዮውን ይሳደባል። ታኅሣሥ ገብቶ ዳሩ ረጋ፤ ሁለት ኢንች፣ ከዚያ ሦስት። በብረት መውጊያው እየነካካ ይለካና ለአርዲስ በጣቶቹ ያሳያታል። ለገና በዓል አስር ቀን ሲቀረው አንድ ጠዋት አምስት ኢንች ሞላ፤ ሰው ይሸከማል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቅጠል አይነቃነቅም። ሬዲዮው ግን ከቀትር በኋላ ነፋስና የበረዶ ውርጅብኝ ይገባል፣ ሳምንቱንም አይለቅም አለ። ቀኑ ያ ነው፤ ሌላ ቀን የለም።

አርዲስ ለመልበስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል፤ ጀመረች። ኦሪን ጋራዥ ገባ። ባትሪውን ከዋዜማው ጀምሮ ቻርጀሩ ላይ ሰክቶት ነበር። አረንጓዴ መብራት ጠብቆ ቀይ ብልጭ ብልጭ ሲል አገኘው። ነቀለ፣ ሰካ። ሶኬት ቀየረ። ወጥ ቤት አምጥቶ ምድጃው አጠገብ አሞቀው። ያው ቀይ። ማሽኑ ላይ አድርጎ ቁልፉን ቢጫነው ትንፍሽ አላለም። ዱዌን የበረዶውን ወራት የሚያሳልፈው አሪዞና ነው፤ ስልክ ደወለለት።

«ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ምንድን ነው?»

«መጋቢት ላይ እንዴት አድርገህ ነው ያስቀመጥከው?»

«እንደ ሰው ነዋ! ባዶ አድርጌ።»





«ኦሪን፣ ቤንዚን እኮ አይደለም። እሱ ግማሽ ተሞልቶ ቤት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ባዶ ሆኖ ከከረመ አይነሳም፤ ወረቀቱ ላይ አለ።» ድምፁን ቀነሰ። «ገደልከው፣ ወንድሜ። የኔን ውሰድ እንዳልልህ ከመሄዴ በፊት ሸጬዋለሁ።»

ኦሪን ስልኩን ዘግቶ ሁለቱን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ዕድሜ ልኩን ከማንም አስበልጦ በሚያውቀው በአያያዝ ነው የገደለው። ወደ ጎረቤት ልሂድ ቢል የቅርቡ ሰባት ማይል ነው፤ ሄዶ ለምኖ ሲመለስ ነፋሱ ይቀድመዋል። አርዲስ ካፖርቷን ለብሳ፣ ኮፍያዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ምንም። መጣሁ።»

ጋራዡ ጥግ፣ ከመሰላሉ ጀርባ፣ የአባቱ በእጅ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ነበር። ዝጓል። ሠላሳ ዓመት ማንም አልነካውም። ሞረድ ፈልጎ ምላጩን መሳል ጀመረ፤ ሲቻኮል ጣቱን ቆረጠ፣ በጨርቅ አስሮ ቀጠለ። በየሁለት ደቂቃው ብቅ ብሎ የዛፎቹን ጫፍ ያያል። አልተነቃነቁም። ጅማቱ ሁለት ጊዜ የተበጠሰው ቀኝ ትከሻው ገና ምንም ሳይሠራ ከአሁኑ ያንገበግበዋል።

አርዲስን ዕቃ በሚጎትትበት ፕላስቲክ መንሸራተቻ ላይ አስቀመጣት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለላት፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ጎተተ። አፏን በሻርፕ ሸፍናለች። «ቀስ በል፣ በረዶ እየጠረግክ አይደለም» አለችው። ከዳር መቶ ሃምሳ እርምጃ ወጡ። አዲስ በረዶ ነው፤ ጥቁር፣ እንደ መስታወት፤ ከሩቅ ድረስ እየጮኸ ይሰነጠቃል።

የእጁን መሰርሰሪያ ስታይ አርዲስ ቅንድቧን አነሳች። ኦሪን ጎንበስ ብሎ ማዞር ጀመረ። ምላጩ መጀመሪያ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ነከሰ። ነጭ ፍርፋሪ እየተከመረ መጣ። አስር ጊዜ ያዞራል፣ ያርፋል፣ ትከሻውን ይይዛል፣ ደግሞ አስር። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ውኃው ቡልቅ ብሎ ወጣ። ፍርፋሪውን ጠርጎ፣ ለማጥመጃ ይዟት የመጣትን ትንሽ ዓሣ መንጠቆው ላይ ሰክቶ ክሩን ለአርዲስ ሰጣት። እሷም አንድ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ተቀመጠች።

«እኔ እዚያ ልሞክር» አለ ኦሪን።

ሃያ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛውን ጀመረ። ሦስት ኢንች ያህል እንደገባ ትከሻው ቀጭ አለ፤ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሳ አለው። በግራ እጁ ሞከረ፤ መሰርሰሪያው ዞሮ ወደቀ። ቀና ብሎ ሐይቁን አየ። ከፊቱ ማለቂያ የሌለው በረዶ ነው፣ አንድም ቀዳዳ የለበትም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ማዶ ይበሳው ነበር። ዞር ሲል ቀዩን ኮፍያ አየ። ይዞት የሄደውን የዓሣ ባልዲ አነሳ፣ ተመለሰ፣ ከአጠገቧ ገልብጦ ተቀመጠበት።

«ምነው ተመለስክ?» አለችው አርዲስ።

«መጣሁ ብዬሽ የለ?»

«ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ነው ያልከኝ።»

ኦሪን ቀዳዳውን አየ። ጉልበቱ መዝለል ጀመረ፤ እጁን ጫነበት፤ አሁንም ይዘላል።

«እግርህ ዓሣውን ያባርራል።»

«እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ባትሪውን ገደልኩት፣ አርዲስ። ባዶ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። የሱ አያያዝ ሌላ ነው አሉ።»

አርዲስ መሳቅ ጀመረች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ኦሪን በድንጋጤ ብድግ አለ፤ ሻርፗን እንደያዘች በሌላው እጇ ካፖርቱን ጎትታ መልሳ አስቀመጠችው። ሳሏ ሲበርድላት እጇን እዚያው ጉልበቱ ላይ ተወችው። ክሩ ያኔ ነው የተወጠረው። «ያዝ፣ አንተ አውጣው» አለችው። በግራ እጁ እየሳበ አወጣው፤ ዎልአይ የሚሉት ዓሣ ነው፣ ክንድ የሚያህል፣ ዓይኑ የሚያበራ። የዛፎቹ ጫፍ ሲወዛወዝ መጀመሪያ ያየው እሱ ነበር፤ ግን አልተናገረም። «እንሂድ» ያለችው እሷ ናት።

አርዲስ የካቲት ሲያልቅ፣ ቤቷ፣ አልጋዋ ላይ አረፈች።

መጋቢት ሲያልቅ ዱዌን ከአሪዞና ተመለሰ። ኦሪንን በረዶ መጥረጊያ ማሽኑን አስነስቶ ቤንዚኑን ሲያስጨርስ አገኘው። አዲስ ባትሪ ገዝቷል፤ ጋራዡ ውስጥ ግን የለም። ዱዌን ባዶ ካርቶኖች ይዞ ገባና የእህቱ መኝታ ቤት በር ላይ ቆመ።

«ልብሷን እንሰብስበው፣ ኦሪን። ቁም ሣጥኑን ባዶ ስናደርገው ቀለል ይልሃል። ቤተ ክርስቲያን የሚፈልገው አለ።»

ኦሪን ቁም ሣጥኑን ከፈተው። ባትሪው ከታች፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ግማሽ ተሞልቶ ተቀምጧል። ከላዩ የአርዲስ ካፖርት ተሰቅሏል፤ ቀይ ኮፍያዋ እጅጌው ውስጥ ተጠቅጥቋል፣ ኪሱ ውስጥ የሚንት ከረሜላና አንድ መንጠቆ አለ።

«ይሄ ባዶ አይደረግም» አለ። «አንተ ነህ የነገርከኝ። ባዶ ሆኖ ከከረመ አይነሳም።»

ዱዌን ካርቶኖቹን ይዞ ወደ መኪናው ወጣ። ኦሪን አልሸኘውም፤ ወንበር ስቦ ቁም ሣጥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠ።